ቅድመ አያትዎን የሚያገኙት ከቆጠራ ቅጽ ሳይሆን ከግብር ደረሰኝ ነው

ጥያቄ፦ «ቅድመ አያቴ ከመንዝ ወደ አርሲ ወርደው መሬት ይዘው የኖሩ ሰው እንደሆኑ አያቴ ይናገሩ ነበር። ‹በምኒልክ ጊዜ በቆጠራው ተቆጥረዋል፤ ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሯል› ይሉ ነበር። አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ደግሞ የባሏን ቅድመ አያቶች ስም ከነዕድሜያቸውና ከነሥራቸው ከድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አውጥታ አሳየችኝ። እኔም የቅድመ አያቴን አባትና የተወለዱበትን ቀዬ ማወቅ እፈልጋለሁ። በእጄ ያለው አንድ አሮጌ የግብር ደረሰኝና የአያቴ ዳዊት ብቻ ነው። የድሮው የቆጠራ መዝገብ የት ይገኛል? ካልተገኘስ የዘር ምርመራ ባደርግ መልስ ይሰጠኛል?»

ምላሽ፦ የሚፈልጉት የቆጠራ መዝገብ የለም። ጠፍቶ፣ ተቃጥሎ ወይም አንድ ቦታ ተቆልፎበት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልተዘጋጀም። ኢትዮጵያ መላ ሕዝቧን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም በጦርነት ምክንያት ቆጣሪዎች ያልደረሱባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተካሄደ። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ከ1976 በፊት የነበረው፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በናሙና የተሠራ ጥናትና የአንዳንድ ከተሞች ቆጠራ ነው። በምኒልክ ዘመን ጎልማሳ የነበረ ሰው በእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገኝም።

ሌላም የሚታረም ነገር አለ። ብዙ ሰው የሕዝብ ቆጠራ ማለት የስም መዝገብ ይመስለዋል። ቆጣሪው ቤት ለቤት ሲዞር የቤተሰቡን አባላት በስም ይጽፋል፤ ይህ እውነት ነው። ስሙ የሚጻፈው ግን ማንም እንዳይዘለልና ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው፤ በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ቤት የሚል። የግለሰቡ መልስ በሕግ ምስጢር ነው። ስለዚህ ለ1976ቱም ሆነ ለ1987ቱ ቅጽ ወደ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሄደው «የአባቴን ገጽ አሳዩኝ» ቢሉ የሚያገኙት መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በዚህ ጊዜዎን አያባክኑ።

ዘመድዎ ያገኘችው የተለየ ነገር ነው። አሜሪካ ከ1790 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ትቆጥራለች፤ ከ1850 ወዲህ ደግሞ ከባሮች በስተቀር በቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በስም መዝግባለች። ቅጹ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ከዚያ ለማንም ይከፈታል። የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ የመዘጊያው ጊዜ መቶ ዓመት ነው። እዚያም ቢሆን መዝገቡ የተሟላ አይደለም፤ የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ ቅጾች በ1921 በተነሣ እሳት ምክንያት ከጥቂቱ በቀር ጠፍተዋል፣ የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራም በ1942 ተቃጥሏል። ይህን የማነሣው፣ እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ቆጠራው በጎደለበት ቦታ ምን እንደሚያደርጉ ልብ እንዲሉ ነው። ወደ ግብር መዝገብ፣ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብና ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይዞራሉ። እኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያ በኩል እንሄዳለን ማለት ነው።

አያትዎ ግን አልዋሹም። «ቆጠራ» ያሉት የሰው ሳይሆን የመሬት ልኬት እንደነበር እገምታለሁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ በቃላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ መሬት በጋሻ ተመደበ፤ አንድ ጋሻ ወደ አርባ ሄክታር ይጠጋል። ቃላድ ጣይ በመጣበት አገር ሁሉ የመሬቱ ባለቤት ነው የተባለው ሰው ስም፣ የጋሻው ብዛትና አዋሳኙ ተጽፏል። ለቤተሰቡ ይህ «ስማችን መዝገብ ላይ ሰፈረ» የሚያሰኝ ትልቅ ቀን ነበር። አርሲ ደግሞ በቃላድ ከተለኩት አገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ በእጅዎ ያለው ደረሰኝ አያትዎ የነገሩዎት መዝገብ ጭራ ነው፤ ከሁሉ በፊት እርሱን በደንብ ያንብቡት።

የግብር ደረሰኝ ሲያነቡ የከፈለውን ሰው ስምና ግብሩ የተከፈለበትን ርስት ባለቤት ስም ለይተው ይያዙ። እነዚህ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ባለ ርስቱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ግብሩ በእርሱ ስም እየተከፈለ ይቀጥላል፤ ወራሾች ስም ማዛወሩ ክርክር ስለሚያስነሣ ይሸሹት ነበር። አንድ ቤተሰብ ያሳየኝ ደረሰኝ መዳፍ የምታህል፣ ሁለት ቦታ ታጥፋ እጥፋቱ ላይ ያለቀች ቡናማ ወረቀት ነበረች። በታተመው ቅጽ ክፍት ቦታ ላይ በጥቁር ቀለም የባለ ርስቱ ስም ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ «በእገሌ እጅ» ይላል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ያስገባውን ሰው የባለ ርስቱ ልጅ አድርጎ ለዓመታት ሲቆጥረው ኖሯል። ከተመሳሳይ ርስት ሌላ ደረሰኝ ሲገኝ ግን ሰውየው አማች ሆኖ ተገኘ። በዚያ ምክንያት ማንም ያላስታወሳት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ስም ወጣ፣ ከእርሷ የተወለዱት ዘመዶችም ተገኙ። በአንዲት «በእጅ» በምትል ቃል የተነሣ አንድ ሙሉ የቤተሰብ ክንፍ ተመለሰ።

ደረሰኙ ዓመተ ምሕረት ባይኖረው እንኳ ግብሩ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ የሚል የመሬት ደረጃ ተጽፎበት ከሆነ በ1937 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት ግብር አዋጅ ተከትሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ግብር የተቆረጠበት ከሆነ ከ1940 ወዲህ ነው። አስራት የሚል ካለ ደግሞ አስራት በእርሻ ገቢ ግብር ከተተካበት ከ1960 ዓ.ም. በፊት የተከፈለ ነው ለማለት ያስደፍራል። የጠቅላይ ግዛቱን፣ የአውራጃውን፣ የወረዳውንና የምክትል ወረዳውን ስም እንዳለ ይገልብጡ፤ የዛሬው የወረዳ አከላለል ከዚያ ጊዜው ጋር አይገጥምም፣ የድሮው ስም ካልተያዘ ደግሞ መዝገብ ቤት ውስጥ ትክክለኛውን መደርደሪያ ማግኘት አይቻልም። ከጀርባው የተጻፈ ቁጥር ወይም ማኅተም ካለ እርሱንም አይለፉት።

ይህን ይዘው የሚሄዱባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መሬቱ ያለበት ወረዳና ዞን ነው፤ የመሬት አስተዳደርና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የቀድሞውን መዝገብ የወረሱበት አካባቢ አለ፣ በመንግሥት ለውጥና በግርግር ጊዜ መዝገቡ የጠፋበትም አለ። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡ የቆዩ ሰነዶች እዚያ ይገኛሉ። በሁለቱም ቦታ «የቅድመ አያቴን መዝገብ» ብለው አይጠይቁ። መዝገብ ቤት በሰው ስም አልተደራጀም። «ከዚህ እስከዚህ ዓመት ያለ የዚህ ምክትል ወረዳ የመሬት ግብር መዝገብ» ብለው ይጠይቁ።

የአርሲው ወረቀት ግን የቅድመ አያትዎን አባትና የመንዙን ቀዬ አይነግርዎትም። እርሱ ያለው በመንዝ ነው፣ ያለውም በሰው አፍ ነው። በመንዝም ሆነ በሌላው የርስት አገር መሬት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። አቅኚ አባት ይባላል። ርስት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም በስም መቁጠር ነበረበት፤ ተከራካሪውም አንዷን ስም ሊያፈርስበት ያደምጣል። ይህ ቆጠራ በሕዝብ ፊት የተፈተነ፣ ውሸት ያስከፍል የነበረ የትውልድ መዝገብ ነው። ከዚህም በላይ ርስት በወንድም በሴትም ይወረስ ስለነበር «በእናቴ እናት በኩል» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነበር። ሌላ አገር በአባት መስመር ብቻ የሚገኘው ታሪክ እኛ ዘንድ በእናትም በኩል የተጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ። የመሬቱ ጥቅም ሲቀር ቆጠራውን ለልጅ የማስተማሩ ምክንያትም አብሮ ላላ። በዚያ ዓመት ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ አልፎታል፤ በችሎት ቆሞ ዘሩን የቆጠረው ደግሞ ከእርሱ በዕድሜ ይበልጣል። ወረቀቱ በመደርደሪያው ላይ ሌላ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ሰዎች አይቆዩም። በየዓመቱ «አምና ብትመጪ ኖሮ አጎታችን ነበሩልሽ» የሚል መልስ የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ፤ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ መንዝ ሲሄዱ፣ ወይም ከመንዝ መጥተው አዲስ አበባ የሚኖሩ አረጋውያን ዘመዶችን ሲያገኙ፣ አጠያየቅዎን ያሳምሩ። «የእገሌ አባት ማን ይባላል?» የሚለው ደረቅ ጥያቄ ብዙ አያስገኝም። መጀመሪያ ቀዬውን ያጥብቡ፤ ማማ ምድር ነው፣ ላሎ ምድር ነው ወይስ ጌራ ምድር? ከዚያ የየትኛው ደብር ሰዎች እንደነበሩ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀበሩ፣ ተዝካር የት እንደሚወጣ ይጠይቁ። ቀጥለው ርስቱ ከማን ጋር ክርክር እንደነበረበት ያንሡ፤ የክርክር ትዝታ ከደስታ ትዝታ ይልቅ ስም ይዞ ይቆያል። የጋብቻውንም ነገር አይርሱ። «ሰባት ቤት አልሞላም» ተብሎ የቀረ ጋብቻ ካለ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረዋል ማለት ነው፤ ያን የሰማ ሰው ይኖራል።

ፈቃድ ጠይቀው ድምፁን ይቅረጹ፣ ተናጋሪውንም አያቋርጡ። ስም ሲሳሳቱ በቦታው አያርሙ፤ ሁለተኛ ቀን ከሌላ አቅጣጫ መልሰው ይጠይቁ። ከሁለት የማይገናኙ ሰዎች አንድ ዓይነት ዝርዝር ካገኙ ጥሩ ማስረጃ ይዘዋል። ከአንድ ቤት አብረው የተቀመጡ ሦስት ሰዎች የሚሰጡት ቃል ግን እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል።

ዓመት አይጠይቁ፤ ዘመን ይጠይቁ። አረጋውያን ልደትን የሚያስታውሱት በወንጌላዊውና በታላላቅ ክስተቶች ነው። ወንጌላዊውን ወደ ዓመት መመለስ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። አንዲት እናት «አባቴ ከአድዋ ዘመቻ በኋላ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ፤ በሰገሌ ጊዜ ጠመንጃ ተሸክሞ ዘምቷል» ቢሉዎት እንዲህ ያስቡት። አድዋ የካቲት 1888 ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዘመነ ማርቆስ 1890፣ 1894፣ 1898 እያሉ ይሄዳሉ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው። በ1898 የተወለደ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ጠመንጃ ተሸክሞ አልዘመተም። በ1894 የተወለደ አሥራ አምስት፣ በ1890 የተወለደ አሥራ ዘጠኝ ይሆነዋል። ስለዚህ 1890 ይቀድማል፣ 1894 በተጠባባቂነት ይያዛል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ያለው ረሃብ፣ የ1911 የኅዳር በሽታ፣ የ1928 የማይጨው ዘመቻም እንዲሁ ማሰሪያ ይሆናሉ። ይህን ሲሠሩ ዓመተ ምሕረቱን ከአውሮፓ አቆጣጠር ጋር እንዳይቀላቅሉ። የኅዳር በሽታ በእኛ 1911፣ በእነርሱ 1918 ነው፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በኮምፒውተር በሚሠሩት የዘር ሐረግ ላይ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት የሚገባው ከዚህ ነው።

ወደ ዳዊቱ ልምጣ። ዳዊት ለጸሎት ብቻ ሳይሆን የቤት መዝገብ ሆኖም ያገለግል ነበር። መዝሙሩን ሳይሆን ባዶ ቅጠሎቹን ይመልከቱ፤ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው፣ ከሽፋኑ እንጨት ጋር የተያያዙትን ጨምሮ። እዚያ የልጅ ልደት፣ የአባት ዕረፍት፣ የብድር ውል፣ መጽሐፉ የተገዛበት ዋጋና ምስክሮች ይገኛሉ። የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ስም ከተጻፈበት የፊተኛው ስም በጎን ብርሃን ፎቶ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ይነበባል። በጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» (ለወንድ ባሪያህ) ወይም «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ) ከሚሉት የግእዝ ቃላት ቀጥሎ የሚገባው ስም የባለቤቱ የክርስትና ስም እንደሆነ ልብ ይበሉ። ብራናውን ውኃ አያስነኩት፣ በማጣበቂያ አይጠግኑት፣ በአዲስ አይስፉት። ገዝቶ ለመውሰድ ወይም «አስተርጉሜ ላምጣልሽ» ለሚል ሰው አይስጡት፤ ፎቶው ይበቃዋል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

የደብሩንም መጻሕፍት አይርሱ። በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የምስክሮች ስም የመጻፍ ልማድ ከጥንት የነበረ ነው፤ በጎንደር ዘመን እጅግ በዝቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተዋል፤ ቅጂው አዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ውስጥ ይገኛል። የደብሩ መጽሐፍ ከተነሡት መካከል መሆኑን መጠየቅ ዋጋ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ስድስት ኪሎ ባለው ቤተ መጻሕፍቱ ብራናዎችና የቆዩ ሰነዶች አሉት። የጥምቀት መዝገብ ግን ከኦርቶዶክስ ደብር ብዙ አይጠብቁ፤ በየገጠሩ የልጅን ክርስትና በመዝገብ ማስፈር የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ክርስትና የተነሣበት በዓል ከታወቀ ግን ልደቱ ይገመታል፤ ወንድ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነውና። በጥር ሥላሴ ክርስትና የተነሣ ወንድ ልጅ በኅዳር መጨረሻ ገደማ ተወልዷል።

አሁን ሰውን በብዛት የሚያሳስተውን ልንገርዎት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር አስቦ ነበር፤ በሕዝቡ ልማድ ግን አልገባም። በዚያው ሕግ የታሰበው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስም ይዞ ወደ ኋላ መሄድ በየትውልዱ ይቆረጣል። ይባስ ብሎ ሁለተኛው ስም ሁልጊዜ የአባት አይደለም። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ፣ አጎት ያስተማረው በአጎቱ ስም ይጠራል፤ በትምህርት ቤትና በውትድርና መዝገብ ላይ ይህ እጅግ የተለመደ ነው። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ይዞ በሦስት ሰነድ ላይ ሦስት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ሁሉ በየመንደሩም ባለ ፈረስ ስም ነበረ። ፊደሉም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውን በስሙ ብቻ አይያዙት፤ ከቦታው፣ ከደብሩ፣ ከሚስቱና ከወንድሞቹ ጋር አብረው ይያዙት። ዕድሜንም አይመኑ። ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ሰባ ተብሎ የተጻፈ ዕድሜ ግምት ነው፤ መስከረም 1 የሚል የልደት ቀንም ከመዝጋቢው የመጣ ሊሆን ይችላል።

የእነዚህ መዝገቦች ወሰን ሊሰወርብዎት አይገባም። የግብር መዝገብ ባለ መሬቱን እንጂ ጭሰኛውን አይጽፍም። በባርነት የነበሩ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ ሆነው ከርስት የተገለሉ ቤተሰቦች፣ ከወንድሞቻቸው ጀርባ የቀሩ ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ ስም የላቸውም። በአርሲም ቅድመ አያትዎ በቃላድ የተመሩት መሬት ከዚያ በፊት ሰው የሌለበት አልነበረም፤ በ1870ዎቹ መጨረሻ ከተጠናቀቀው ዘመቻ በፊት የአርሲ ኦሮሞ ይዞታ ነበር። ይህን የማነሣው እውነት ስለሆነ ነው፤ ለፍለጋዎም ይጠቅማል። የጎሳው አረጋውያን ማን መቼ እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሚባል ያስታውሳሉ፤ የራሳቸውንም ዘር ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ በቃል የሚቆጥሩ ናቸው። ሲሄዱ የመጡት ለመሬት ጥያቄ እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቃልዎ ይናገሩ። ስለ ድሮ መሬት የሚጠይቅ እንግዳ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። በጉዲፈቻ ወይም በጡት ልጅነት ወደ ቤተሰቡ የገባ ሰው ስም ቢወጣም ከሐረጉ አያውጡት፤ ማን እንደሆነ ጽፈው ያኑሩት።

የሚያገኙትን ሐረግ ደግሞ በሒሳብ ይፈትሹት። አንድ ትውልድ በአማካይ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በ1950 የተወለደ ሰው በስድስት ስም ብቻ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ሰው ላይ ከደረሰ መካከል ላይ ስሞች ወድቀዋል፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ለመሙላት አሥር ያህል ትውልድ ያስፈልጋል። የቃል ሐረግ ታላላቆቹን ይይዝና መካከለኞቹን ይጥላል። የንጉሥ ወይም የታዋቂ ጻድቅ ስም ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቆም ብለው ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ትውልድ ብቻ በደንብ ያጣሩ። ስምንት ቅድመ አያቶች እንዳሉዎትም አይዘንጉ፤ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ማዕረግና መሬት የነበረውን አንዱን ነው።

የዘር ምርመራን በተመለከተ፦ ምራቅዎን ልከው የሚያገኙት የአካባቢ መቶኛና በዚያው ድርጅት የተመረመሩ ዘመዶችን ዝርዝር ነው። ስም፣ ቀዬና ዓመት አይነግርዎትም፤ ከመንዝ ያሉት ዘመዶችዎ ካልተመረመሩ ደግሞ የሚገጥም ሰው አይኖርም። ለአሁኑ ጥያቄዎ አይረዳም፤ ገንዘቡን ለመንገድ ያድርጉት። «የዘር ሐረግዎን እስከ ዐሥራ አምስት ትውልድ እናወጣለን» ለሚል ሰውም ምንጩን ገጽ በገጽ ካላሳየ አንድ ብር አይክፈሉ።

የምመክርዎት ቅደም ተከተል የማያወላውል ነው። በዚህ ሳምንት ደረሰኙንና ዳዊቱን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ያንሡ፣ ለሁለት ዘመድ ቅጂ ይስጡ። በዚህ ወር ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው፣ ሴት ቢሆኑ ይመረጣል፣ ቁጭ ብለው ያነጋግሩ፤ የጎረቤትና የጋብቻ ዝምድናን የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። ደብሩን ካወቁ በኋላ የደብሩ ንግሥ በሚውልበት ቀን መንዝ ይሂዱ፤ ከየቦታው የተበተነው ተወላጅ የሚሰበሰበው በዚያ ቀን ነው፣ የሚፈልጉት አዛውንትም ከቤተ ክርስቲያኑ ዐውድ አይጠፉም። ወደ አርሲው ወረዳና ወደ ቤተ መዛግብት የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚይዙት አንድ ስም ብቻ አይሆንም፤ የወንድሞቹን፣ የሚስቱን፣ የአዋሳኙንና የምክትል ወረዳውን ስም ይዘው ይቀርባሉ፣ የመዝገብ ቤቱም ሠራተኛ የቱን ጥራዝ እንደሚያወርድልዎት ያውቃል።